ማግኔቱ አይጎትትም፦ ስለ እጅግ ቀዝቃዛ ሞለኪውሎች የደረሱኝ ጥያቄዎች

በዚህ ወር የመጡልኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ስልክ ላይ የሚዞር አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። "ሳይንቲስቶች በማግኔት ሞለኪውል ሠርተው መልሰው በተኑት" ይላል። ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ ግማሹ ሙዚቃ። ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮና ከፒያሳ የጻፉልኝ አራት ሰዎች ቪዲዮው ዘሎ ያለፈውን ነው የጠየቁት። እንግዲህ የዚህ እትም ዓምድ ለእነሱ ይሁን። ስለ ሶላር ባትሪ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

"እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴን አሞኝ ሐኪሙ ኤም አር አይ አዘዘልኝ። ልጄ ደግሞ ማግኔት ሞለኪውል ይበትናል የሚል ነገር ስልኩ ላይ አሳየኝ። እዚያ ትልቅ ማግኔት ውስጥ ገብቼ ሰውነቴ ቢፈራርስስ? ይሳቁብኝ፣ ግን ይመልሱልኝ።" (እናት፣ ከካዛንቺስ)

አልስቅም። ይግቡ፣ አይፍሩ። ምክንያቱን ግን ልንገርዎ፤ ጥያቄዎ ከሚያስቡት በላይ ጥሩ ነው።

የተለመደው የኤም አር አይ ማሽን ጥንካሬው 1.5 ቴስላ ነው። በሌላ መለኪያ 15,000 ጋውስ ይሆናል። ልጅዎ ባሳየዎት ዓይነት ሙከራ ውስጥ ያለው ማግኔት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት አሥር እስከ አንድ ሺህ ጋውስ ነው። ይሄ ሲሰሙት የባሰ ያስፈራል። ደካማው ማግኔት ሞለኪውል ከበተነ ብርቱው ምን ሊያደርግ ነው?

ልዩነቱ ያለው ሞለኪውሉ ላይ ነው። ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ላይ አንድ ሃይድሮጅን ለመንቀል የሚያስፈልገው ኢነርጂ፣ የ1.5 ቴስላ ማግኔት በአንድ ኤሌክትሮን ላይ ከሚያመጣው የኢነርጂ ለውጥ 60,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የገዛ ሰውነትዎ ሙቀት እንኳ ከዚያ የማግኔት ለውጥ 300 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ዕድሜ ልክዎን ሙቀትዎ ያልበተነውን ማግኔት በግማሽ ሰዓት አይበትነውም። በዚያ ላይ በሰውነታችን ያሉት አብዛኞቹ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮኖቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ማግኔትነት የሌላውን ያጠፋዋል። ማግኔቱ ብዙም የሚነካው ነገር አያገኝም።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሞለኪውል ሌላ ፍጥረት ነው። እሱን ለአራት ኪሎዋ ተማሪ ስመልስ ያገኙታል።

ኤም አር አይ ላይ ከሞለኪውል ይልቅ ለብረት ይጠንቀቁ። የልብ ምት ማስተካከያ ካለዎት፣ በቀዶ ጥገና የገባ ብረት ካለ፣ ዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ፍንጣሪ ካለ፣ ከመግባትዎ በፊት ለባለሙያው ይንገሩ። ጌጥዎንና ሰዓትዎን ያውልቁ። ማሽኑ ሲንኳኳ ያስደነግጣል፤ ጫጫታ ብቻ ነው፣ የጆሮ መከላከያ ይሰጡዎታል። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ።

"እትዬ፣ ሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ፌሽባክ ሬዞናንስ የሚባለውን በአንድ ስላይድ አለፍነው። ማግኔት ሁለት አቶም እንዴት ነው የሚያጣብቀው? እንዴትስ ይለያያቸዋል፣ ጎትቶ ነው? ሲለያዩ ደግሞ በእርጋታ ነው ወይስ ይፈናጠራሉ? ሂሳቡን ሳይሆን ነገሩን ይንገሩኝ።" (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

ጎትቶ አይደለም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ማግኔቱ አንዱን አቶም በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ይዞ እንደሚቦጭቅ ነው። ቪዲዮውም የሳለው እንደዚያ ነው፤ ሁለት ኳስና አንድ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ማግኔት። ያንን ሥዕል ከጭንቅላትሽ አውጪው፤ የቀረው ቀላል ነው።

ከቅዝቃዜው ልጀምር። አንድ የሩቢዲየም አቶም ክፍልሽ ውስጥ ቢሆን በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከየአቅጣጫው ሌዘር እየመታው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከዚያ አቶሞቹ በማግኔት ወይም በብርሃን ወጥመድ ይያዙና ከመሀላቸው ፈጣን ፈጣኖቹ እንዲያመልጡ ይደረጋል፤ የቀሩት ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። መጨረሻ ላይ 100 ናኖኬልቪን አካባቢ ይደርሳሉ፤ ከፍፁም ዜሮ በላይ የአንድ ዲግሪ አሥር ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የእንጦጦን ብርድ እርሺው። ከፀሐይና ከከዋክብት የራቀው ጠፈር እንኳ 2.7 ኬልቪን ነውና ከዚህ ጋዝ 27 ሚሊዮን ጊዜ ይሞቃል። አቶሙ አሁን በሰከንድ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን በቦልደር ኮሎራዶ፣ ቮልፍጋንግ ኬተርሌ ደግሞ በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤም አይ ቲ እዚህ አካባቢ የደረሱት በ1995 ነው፤ በ2001 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይሄ ሁሉ ድካም ማግኔቱን ለማስከበር ነው። አንድ ጋውስ የማግኔት መስክ፣ በማግኔትነት የአንድ ኤሌክትሮን ያህል በሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎች መካከል የሚፈጥረው የኢነርጂ ልዩነት በሙቀት ሲተመን 67 ማይክሮኬልቪን ያህል ነው። በክፍል ሙቀት ይሄ ከምንም አይቆጠርም። 100 ናኖኬልቪን ላይ ባለ ጋዝ ውስጥ ግን ከጋዙ ሙቀት 670 ጊዜ ይበልጣል። ማግኔቱ አልጠነከረም። ዙሪያው ነው ጸጥ ያለው።

አሁን ወደ ሁለቱ አቶሞች። ሲገናኙ ከሁለት ዓይነት ሁኔታ በአንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንደኛው ይገናኙና ተላልፈው ይሄዳሉ። በሌላው ስፒኖቻቸው (አቶሙን ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ) በሌላ መልክ ይደረደራሉ፤ እዚያ ተያይዘው መቆየት ይችላሉ፤ የሞለኪውሉ የኢነርጂ ደረጃ እሱ ነው። የሁለቱ ሁኔታዎች ማግኔትነት አንድ አይደለም። ስለዚህ መስኩን ስትቀይሪ ሁለቱም እኩል አይንቀሳቀሱም፤ የሞለኪውሉ ደረጃ ከተለያዩት አቶሞች ደረጃ አንፃር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በአንድ የተወሰነ መስክ ላይ ሁለቱ ይገጥማሉ። ያ ነጥብ ነው ፌሽባክ ሬዞናንስ የሚባለው። ስሙን ያገኘው የኤም አይ ቲው ኸርማን ፌሽባክ በ1958 ይህንኑ ሐሳብ ለአቶም ኒውክሊየስ ስለሠራው ነው። በእጅግ ቀዝቃዛ አቶሞች ላይ የኬተርሌ ቡድን በ1998 አየው፤ በሶዲየም፣ 907 ጋውስ አካባቢ።

እያንዳንዱ አቶም የራሱ ቁጥር አለው። ሲዚየም 19.8 ጋውስ ላይ አንድ አለው። ሩቢዲየም-85 በ155 አካባቢ፣ ፖታሲየም-40 በ202 እና በ224፣ ሩቢዲየም-87 በ1007። ቁጥሮቹን መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ ላብራቶሪ የገባሽ ቀን ራሳቸው ይሸመደዱልሻል።

መገጣጠሙ እንግዲህ ይሄ ነው፦ መስኩን የሞለኪውሉ ደረጃ ከአቶሞቹ በላይ ከሆነበት ወገን ትጀምሪና ቀስ እያልሽ ነጥቡን ታሻግሪዋለሽ። ደረጃው ከአቶሞቹ በታች ሲገባ፣ ተቀራርበው የነበሩት አቶሞች ተያይዘው ይገኛሉ። 2003 የዚህ ነገር ዓመት ነበር። በቦልደር የዲቦራ ጂን ቡድን በፖታሲየም፣ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሩዶልፍ ግሪም ቡድን በሲዚየም፣ በጀርመን ጋርኺንግ የጌርሃርድ ሬምፔ ቡድን በሩቢዲየም፣ በኤም አይ ቲ የኬተርሌ ቡድን በሶዲየም ሠሩት። ጂን በአንድ ጊዜ እስከ 250,000 የሚደርሱ ሞለኪውሎች አወጣች። ከሁሉም የእሷን ሥራ ነው የምወደው። ፖታሲየም-40 አስቸጋሪ አቶም ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ አቶሞች አንድ ሁኔታ ላይ አብረው መቀመጥ አይፈቀድላቸውም (የፓውሊ ሕግ ይባላል)፣ ማቀዝቀዙም በዚያው ልክ ይከብዳል። እሷ እሱን መርጣ ገባችበት። በ2016 በካንሰር ስታርፍ 47 ዓመቷ ነበር።

የተገኘው ሞለኪውል እንዴት ያለ ነው? ነጥቡ አጠገብ ሲሆን ማሰሪያው ከውሃው ሞለኪውል ማሰሪያ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይላላል። ሁለቱ አቶሞች ተራርቀው ነው የተያያዙት። በውሃ ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በ0.1 ናኖሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ እዚህ ርቀቱ አሥር፣ አንዳንዴም ከመቶ ናኖሜትር በላይ ይሆናል። የካዛንቺሷ እናት ሰውነት ውስጥ እንዲህ ያለ ሞለኪውል አንድም የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

መበተኑስ? መስኩን በመጣበት መልሰሽ ታሻግሪዋለሽ። የሞለኪውሉ ደረጃ ከተለያዩት አቶሞች በላይ ይወጣል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልጎተተውም። ተያይዞ መቆየት ከመለያየት የበለጠ ኢነርጂ የሚጠይቅ ሆነ፤ በቃ፣ ተለያዩ።

"በእርጋታ ነው ወይስ ይፈናጠራሉ?" ያልሽው ላይ ልቆይ። መልሱ እጅሽ ላይ ነው፤ መስኩን በቀየርሽበት ፍጥነት ይወሰናል። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ!" ስትዪ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከኋላ ወንበር ተነስተሽ በሩ ጋ እስክትደርሺ ጊዜ ይፈልጋል። ሹፌሩ እያዘገመ ከሆነ ፌርማታሽ ላይ ትወርጃለሽ። እየበረረ ከሆነ አሳልፎሽ ይሄዳል። ፌርማታው ያ ሁለቱ ደረጃዎች የገጠሙበት ነጥብ ነው። ሞለኪውሉ ነጥቡን ሲያልፍ ወዲያው አይበተንም፤ ጊዜ ይፈልጋል። መስኩ በዝግታ እየተቀየረ ከሆነ ነጥቡን ገና ትንሽ እንዳለፈ ይበተናል፣ አቶሞቹም በእርጋታ ይለያያሉ። መስኩ በፍጥነት ከተቀየረ ግን ሞለኪውሉ ሳይበተን ከነጥቡ ብዙ ርቆ ይወጣል። ሲበተን ያ ትርፍ ኢነርጂ ለሁለቱ አቶሞች ይከፈላል፤ ያኔ ይፈናጠራሉ።

ሂሳቡን አትንገሪኝ ብለሻል፤ አንዲት መስመር ግን አልተውልሽም። ከነጥቡ በላይ ከፍ ባለ ቁጥር የመበተኑ ፍጥነት ይጨምራል፣ በትርፍ ኢነርጂው ስኩዌር ሩት ልክ። ስለዚህ መስኩን 8 ጊዜ አፍጥነሽ ብትቀይሪው የአቶሞቹ አማካይ ኢነርጂ 8 ጊዜ አያድግም፤ 4 ጊዜ ነው የሚያድገው። ለምን እንደሆነ ማታ ተቀምጠሽ አውጪው፤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ፍጥነቱን እየቀያየሩ፣ የሚወጡትን አቶሞች ኢነርጂ እየለኩ፣ ከዚያ ተነስተው የሬዞናንሱን ስፋት ያገኛሉ። የጋርኺንግና የኤም አይ ቲ ቡድኖች በ2004 ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጋርኺንጎቹ አንድ ተጨማሪ ነገር አደረጉ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። መስኩን በዝግታ ከማሳደግ ይልቅ በአንድ ጊዜ ከነጥቡ በላይ አዘለሉት። ሁሉም ሞለኪውሎች በተመሳሳይ ትርፍ ኢነርጂ ተበተኑ። ከእያንዳንዱ ሞለኪውል የወጡ ሁለት አቶሞች በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት ሄዱ። ትንሽ ጠብቀው ፎቶ ሲያነሱ አቶሞቹ ውስጡ ባዶ የሆነ ሉል ሠርተው ተገኙ። የሉሉ ስፋት ኢነርጂውን ይነግርሻል። አቶሞቹ በሉሉ ላይ የተበታተኑበት መልክ ደግሞ ጥንዱ ሲለያይ ይሽከረከር እንደነበርና እንዳልነበር ያሳያል።

አሁን የራሴን ሐሳብ ልናገር። ስለዚህ ነገር የሚጻፈው ሁሉ መበተኑን እንደ ኪሳራ ያወራዋል፤ ተሠራ፣ ከዚያ ፈረሰ፣ ያሳዝናል ዓይነት። ዕድሜዬን የፈጀሁት ላብራቶሪ ውስጥ ኦሲሎስኮፕ ሳስተካክል ነውና እኔ ነገሩን ከመለኪያው ወገን ነው የማየው። ለአቶሞቹ ፎቶ የሚያነሳው ሌዘር በአቶሞቹ ድግግሞሽ የተቃኘ ነው። ሞለኪውሉ ላይ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም፤ ባዶ ገጽ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞለኪውሎቹን ካልተጣመሩት አቶሞች ይለያሉ። ለዚህም የሚረዳው ያው ማግኔት ነው፦ መስኩን ከአንድ ጎን ጠንከር፣ ከሌላው ላላ ቢያደርጉት፣ ማግኔትነታቸው የተለያየ ስለሆነ አቶሞቹ ወደ አንድ ቦታ፣ ሞለኪውሎቹ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ሽቴርንና ጌርላኽ በ1922 ፍራንክፈርት ላይ የብር አቶሞችን የለዩበት ዘዴ መሆኑ ነው። ከዚያ ሞለኪውሎቹን ይበትኗቸዋል፣ የወጡትን አቶሞች ፎቶ ያነሳሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ለሁለት ያካፍላሉ። ሞለኪውል መኖሩን ያወቁት በትነው ነው። "ፈረሰ" ተብሎ የሚታዘንለት እርምጃ የሙከራው ዋና መለኪያ ነው።

በእውነት የሚያናድደው ሌላው መበተን ነው። ያልታዘዘው። ሞለኪውሉ የተያያዘው በመጨረሻው፣ በላላው ደረጃ ስለሆነ ከበታቹ ብዙ ጥልቅ ደረጃዎች አሉ። ሌላ አቶም ወይም ሌላ ሞለኪውል ሲጋጨው ወደ ጥልቁ ይወድቃል፤ የተለቀቀው ኢነርጂ ሁለቱንም ከወጥመዱ አውጥቶ ይወረውራቸዋል። ሶዲየምና ሩቢዲየም በዚህ ምክንያት በሚሊሰከንዶች ያልቃሉ። ሊቲየም-6 ግን 830 ጋውስ አካባቢ ባለው ሰፊ ሬዞናንሱ አጠገብ ሰከንዶችን ይቆያል። ያቆየው ጂን የተጋፈጠችው ያው የፓውሊ ሕግ ነው፤ ተመሳሳይ አቶሞች በጣም እንዳይቀራረቡ ይከለክላል፣ ግጭቱም ያንሳል። ማቀዝቀዙን ያከበደው ሕግ ሞለኪውሉን ጠበቀው። በ2003 መጨረሻ ኢንስብሩክ፣ ቦልደርና ኤም አይ ቲ ከእንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ኮንደንሴት (ሁሉም በአንድ የኳንተም ሁኔታ ላይ የተሰበሰቡበት ጋዝ) የሠሩት በዚህ ዕድል ነው።

"ወይዘሮ፣ የመብራት ኃይል ጡረተኛ ነኝ። ቀዝቃዛ ነገር ተበትኖ ፈጣን ነገር ወጣ ካሉ ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? ደግሞስ ለምን ይጠቅማል?" (ጡረተኛ፣ ከሜክሲኮ)

ቆጣሪው ነው የከፈለው ጌታዬ። መስኩን የሚሠራው በኮይል ውስጥ የሚሄድ ከረንት ነው። ከረንቱ ሲቀየር መስኩ የሞለኪውሉን ደረጃ ይዞ ይወጣል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ኢነርጂ የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩ ነው። መጠኑ በየትኛውም ቆጣሪ ላይ የሚታይ አይደለም። ኮይሉ በሙቀት የሚያባክነው ግን በደንብ ይታያል፤ የላብራቶሪው ቢል የሚንረው በዚያ ነው።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ሁሉ "ለኳንተም ኮምፒውተር" ብሎ መገላገል ቀላል ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ኬሚስትሪው ነው። በ2008 የዲቦራ ጂንና የጁን የ ቡድኖች ፖታሲየምንና ሩቢዲየምን በ546.7 ጋውስ አጣመሩ። ከዚያ በሁለት ሌዘር ያንን ላላ ሞለኪውል ሳይሞቅ ወደ መጨረሻው ጥልቅ ደረጃ አወረዱት። በ2010 ሁለት እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች ተገናኝተው አቶም እንደሚለዋወጡ አሳዩ፤ የፖታሲየም ጥንድና የሩቢዲየም ጥንድ ይሆናሉ ማለት ነው። ይህ የሆነው በጥቂት መቶ ናኖኬልቪን ነው። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ኬሚካላዊ ለውጥ ሲቀዘቅዝ ይቆማል የሚል ነበር። በ2019 ደግሞ የያኔዋ የጂንና የጁን የ ተማሪ ካንግ-ኩን ኒ በሃርቫርድ፣ አራቱ አቶሞች ለአፍታ አብረው የሚሆኑበትን መካከለኛ ሞለኪውል በቀጥታ አየችው። ኬሚስቶች በወረቀት ላይ በቅንፍ የሚጽፉት፣ ለመያዝ እጅግ የሚያስቸግር ደረጃ ነው ይሄ።

"እትዬ፣ ፒያሳ ስፒከር እጠግናለሁ። ሱቄ በማግኔት የተሞላ ነው። የስፒከር ማግኔት ለዚህ አይበቃም? እዚህ አዲስ አበባስ ሊሠራ አይችልም?" (ስፒከር ጠጋኝ፣ ከፒያሳ)

በጥንካሬ ከሆነ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የስፒከርህ ማግኔት መሀል ያለው ክፍተት፣ ቮይስ ኮይሉ የሚገባበት፣ በሺዎች የሚቆጠር ጋውስ አለው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ አቶም 900 ሲያገኝ አጠገቡ ያለው 950 ያገኛል። ሁለተኛ፣ ከፍና ዝቅ አታደርገውም። እዚህ ሥራ ላይ ከጥንካሬው ይልቅ መቆጣጠሩ ነው ዋጋ ያለው። 100 ናኖኬልቪን ላይ ላለ ጋዝ፣ አንድ ተኩል ሚሊጋውስ ብቻ የጋዙን ሙቀት ያህል ኢነርጂ ነው። ጠባብ ሬዞናንስ ላይ የምትሠራ ከሆነ መስክህ ከዚያ በላይ ቢንቀጠቀጥ ድካምህ ውሃ በላው።

አዲስ አበባን ካነሳህ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ አለ። የተቋቋመው ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው፤ መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ቦታው የተመረጠ ነው፤ የምድር የማግኔት ወገብ በአጠገባችን ያልፋል። እዚህ በነፃ የተንጠለጠለ የኮምፓስ መርፌ ወደ መሬት ሳያዘቀዝቅ ጠፍጣፋ ይተኛል ለማለት ይቻላል። መስኩ 0.36 ጋውስ ገደማ ነው። በቀትር ደግሞ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በማግኔት ወገብ መስመር ብርቱ ከረንት ይፈስሳል፤ ፀሐይ ነች የምታስነሳው። ያ ከረንት የአዲስ አበባን መስክ አንዳንድ ቀን እስከ አንድ ሚሊጋውስ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ማታ ይቀንሳል። ለእኔና ለአንተ ምንም አይደለም። ለዚያ ጋዝ ግን በሙቀት ሲተመን 67 ናኖኬልቪን ያህል ነው፤ የራሱን ሙቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። እዚህ የሚሠራ ሰው ቀትርን አስቦ መሥራት አለበት፤ ቦልደር ወይም ጋርኺንግ ላይ ይህን ያህል አይከብድም።

የከተማችን ችግርም አለ። ከስታዲየም በሜክሲኮ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ነው የሚሠራው። ሲነሳና ሲቆም ከረንቱ ይዘላል፣ በአካባቢው ያለውም መስክ አብሮት። ሊፍት ይረብሻል። የግድግዳው ባለ 50 ኸርዝ መብራት ይረብሻል፤ ብዙ ላብራቶሪዎች ሙከራውን ሁልጊዜ በመብራቱ ዑደት አንድ ነጥብ ላይ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። እነዚህ ሁሉ በማካካሻ ኮይልና በመከለያ ይያዛሉ። የሚያስቸግረው ሌዘሩና ቫኪዩሙ (አቶሞቹ ያሉበት አየር የተመጠጠበት ክፍል) ነው፤ እነሱ ለወራት ሳይጠፉ መሥራት አለባቸው፣ መብራታችን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ኮይሉ ግን የአንተ ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀለለው ከክፍት መዳብ ቱቦ ነው፤ በመሀሉ ውሃ ያልፋል፣ ምክንያቱም በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይሄድበታል። ውሃው ሲቋረጥ ከረንቱን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ካልተገባለት በሰከንዶች ውስጥ ኢንሱሌሽኑ ይጨሳል። ሽታውን አንተ ታውቀዋለህ። ለመሞከር ከፈለግህ ትንሹን ሥራ፦ እኩል ዙር ያላቸው ሁለት ክብ ኮይሎች፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ ከረንት የሚሄድባቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንዱ ራዲየስ ጋር እኩል የሆነ። ስልክህ ውስጥ ያለው ኮምፓስ መስክ ይለካል፤ ማግኔቶሜትር የሚባል አፕ አውርድ። ከሱቅህ ወጥተህ ከብረት ስትርቅ 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ካሳየህ ልክ ነው፤ ያ የምድሩ ነው። ከዚያ ኮይሎቹ መሀል በትንሽ ከረንት ሞክረው፤ ስልኩን ወደ ግራና ቀኝ ስታንቀሳቅሰው ቁጥሩ ብዙም ካልተቀየረ በደንብ ጠቅልለኸዋል። ስፒከሮቹን ግን ከጠረጴዛው አንሳቸው።